በሱሉልታ ያልሠመረ የቤተሰብ እራት፦ የአንድ ፊውዥን ምግብ ቤት የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ በሚገኘው በሱሉልታ፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ ፊውዥን፣ ማለትም የተለያዩ አገሮችን ምግብ በሚያዋሕድ፣ ምግብ ቤት ያሳለፈውን የእራት ምሽት ይመረምራል። ቤተሰቡ የራሴ ቤተሰብ ነው። ምግብ ቤቱን በስም አልጠራውም፤ ያየሁት ጉድለት የዚያ ቤት ብቻ ሳይሆን በከተማዋ ዳርቻ በተከፈቱ ሌሎች ቤቶችም መልኩን እየለዋወጠ የሚታይ ነውና። ሥራዬ የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ስለሆነ ጉዳዩን «አልጣፈጠንም» ብሎ መተው አልሆነልኝም፤ እያንዳንዱ ሳህን ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደመጣ እስከ ምድጃው ድረስ ተከትዬ ለማወቅ ፈለግሁ። ከእራቱ በኋላም ከሼፉና ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተቀምጬ ተነጋግሬያለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የሁለት አገር ምግብ መቀላቀሉን አልቃወምም። ዛሬ የእኛ የምንለው ማዕድ ራሱ ከብዙ አቅጣጫ የመጡ ነገሮች የተገናኙበት ነው። የዚያ ምሽት ችግር ምግብ ቤቱ ከአገራችን ወጥ ቤት ቅመሙንና የምግቡን ስም ወስዶ የማዕዱን ሥርዓት መተዉ ነው፤ ማለትም ማን ቀድሞ እንደሚቀርብለት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ዕለቱ ጾም ይሁን ፍስክ፣ ምግቡ በምን ያህል ሙቀት ማዕድ ላይ መድረስ እንዳለበት የሚወስነውን ነገር ሁሉ። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ጉድለቶች የተለያዩ ቢመስሉም አብዛኞቹ ከዚህ አንድ መነሻ የሚመነጩ ናቸው።

ቀጠሮው

ታናሽ ወንድማችን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ቅዳሜ ሌሊት በረራ ነበረው። ቤተሰቡ ተሟልቶ ሊገናኝ የሚችለው ዓርብ ማታ ብቻ በመሆኑ፣ ሱሉልታ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ከቤቷ ብዙም በማይርቅ ምግብ ቤት ለአሥር ሰው የሚሆን ቦታ በስልክ አስያዘች። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጾመ ነቢያት ገና አልገባም፤ ነገር ግን ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ እናታችንን ጨምሮ አራታችን እንጾም ነበር። እህቴ ስትደውል ይህንኑ ተናግራለች፤ «ጾም በሚገባ አለን፣ ምንም አታስቡ» የሚል መልስም ተሰጥቷታል። ይህ የስልክ ንግግር በኋላ ለተፈጠረው ነገር ቁልፍ ነው።

ቦታው የተመረጠበት ምክንያትም ለጉዳዩ ይጠቅማል። ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. እንደ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ለገዳዲ ካሉ ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች። ከዚያም በፊት ቢሆን ከመሃል አዲስ አበባ የኪራይ ውድነት ሸሽተው ወደ ዳር የወጡ፣ ቤት የሠሩና ልጆች የሚያሳድጉ በርካታ ቤተሰቦች የሰፈሩባት ናት። ምግብ ቤቶቹም የተከተሉት ይህንኑ ሕዝብ ነው። ሰፊ ግቢ፣ በቂ የመኪና ማቆሚያ፣ ለልጆች መጫወቻ፤ ቦሌ አካባቢ በቀላሉ የማይገኝ ነገር እዚያ አለ። በመሆኑም ወደዚህ ቤት የሚመጣው ደንበኛ በአብዛኛው አያት፣ ወላጅና የልጅ ልጅ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ነው። ሜኑውና አቀራረቡ ግን ሁለት ሆነው ለሚመጡ ወጣቶች የታሰበ ነበር። ግቢው አንድ ደንበኛ እየጠራ ወጥ ቤቱ ለሌላ ደንበኛ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ማዕዱ

ግቢው ያማረ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። የሳር ጣሪያ ያለው አዳራሽ፣ በመሃሉ የሚነድ እሳት፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሰፌዶችና ሙዳዮች በመጀመሪያ እይታ ደስ ያሰኙናል። አስተናጋጃችንም ትሑትና ቀልጣፋ ወጣት ነበር። ለእጅ መታጠቢያ ግን ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ደረጃ ወርዶ፣ አንድ ቧንቧ ብቻ ነው ያለው። እናታችን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወርደው መውጣቱ ከበዳቸው፤ እህቴ የማስታጠቢያ ጣሳ ስትጠይቅ «እሱ እንኳን የለንም፣ ሹካና ቢላ አለ» ተባለች። እንጀራ በእጅ እንደሚበላ እያወቀ ስድስት ዓይነት የእንጀራ ምግብ በሜኑው ላይ የጻፈ ቤት ለእጅ መታጠቢያ አለማሰቡ ትልቅ ጉድለት ነው።

ትዕዛዛችን የተለያየ ነበር። ለሚጾሙት አትክልት የተጠቀለለበት የእንጀራ ሮልና የሽሮ ሾርባ፣ ለማይጾሙት የዶሮ ወጥ ላዛኛ፣ ክትፎ ታኮና በበርበሬ የተቀመመ ሩዝ፣ ለልጆቹ ደግሞ በርገር አዘዝን። ምግቡ ግን በአንድ ጊዜ አልመጣም። ወጥ ቤቱ የሚከተለው አሠራር «ያለቀው ይውጣ» የሚል በመሆኑ ቀድሞ የደረሰው የልጆቹ በርገር ነው፤ ከዚያ ክትፎው፣ ከዚያ ሩዙ፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ላዛኛው መጣ። የእናታችን ሳህን የደረሰው ከሁሉም በመጨረሻ፣ ካዘዝን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው።

በእኛ ቤት ደግሞ እናታችን ሳይቆርሱ ማንም አይጀምርም። የስምንት ዓመቷ የእህቴ ልጅ እንኳን በርገሯ ፊቷ ተቀምጦ እየቀዘቀዘ እያየች እጇን ሰብስባ ጠበቀች። እናታችን «ብሉ ልጆች፣ አትጠብቁኝ» ቢሉም ማንም አልነካም። አስተናጋጁ ይህን አይቶ ግራ ተጋባ፤ «ለምን አይበሉም? ይቀዘቅዛል» እያለ ተመላለሰ። ወጣቱን አልወቅሰውም፤ በቤቱ ሳለ እሱም እንደኛ እንደሚያደርግ አልጠራጠርም። የወጥ ቤቱ አሠራር ግን ይህን ሥርዓት ከቁጥር አላስገባውም። ታላቅን መጠበቅ ወግ በሆነበት አገር ምግብን ነጣጥሎ ማውጣት ማለት፣ ቀድሞ የወጣው ሁሉ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲበላ አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው።

የክትፎው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ክትፎ ለብ ለብ ሲደረግ ጣዕሙን የሚይዘው የተነጠረው ቅቤ ፈሳሽ ሆኖ ሥጋው ውስጥ ሲሰርግ ነው፤ ለዚህም ነው በባህሉ ሙቀት በሚይዝ የሸክላ ጣባ የሚቀርበው። የኛ ክትፎ የቀረበው በደረቀና በተጠበሰ የእንጀራ ቅጠል ላይ፣ በቀዝቃዛ ጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ ተዘርግቶ ነው። የኅዳር ምሽት በሱሉልታ ብርዱ ከባድ ነው፤ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ይበልጣል፤ በዚያ ወቅት ውርጭም ያጋጥማል። እናታችንን ስንጠብቅ ቅቤው ከሥጋው ወጥቶ በሰሌዳው ጠርዝ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ሠርቶ ረጋ። ባለቤቴ አንዱን አንስታ ስትነክሰው የረጋው ቅቤ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ ውኃ ጠየቀች። ሥጋው ትኩስና ንጹሕ ነበር፤ ሚጥሚጣውም ጥሩ ነበር። ያበላሸው ዕቃውና መዘግየቱ ነው።

የጾሙ ሳህን

ይህን ክፍል በዝርዝር የምጽፈው ከጣዕም ያለፈ ጉዳይ ስለሆነ ነው። የእንጀራ ሮሉ በጣት ርዝመት ተቆራርጦ፣ በውስጡ ካሮት፣ ፎሶሊያና ቀይ ሥር ተጠቅልሎበት፣ ከላይ ነጭ ማባያ በመስመር ተጨምሮበት መጣ። እናታችን አማትበው አንዱን አነሡ፤ ነገር ግን ወደ አፋቸው ሳያደርሱ ማባያውን ተመልክተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህ ነጩ ምንድን ነው?» አሉት አስተናጋጁን።

«ሶስ ነው እማማ። ጾም ነው፣ ይብሉ።»

እህቴ ግን አላለፈችውም፤ «ከምን እንደተሠራ ወጥ ቤት ጠይቅልን» አለችው። ሄዶ ተመለሰና «ማዮኔዝ ነው፤ ሥጋ የለበትም» አለ። ማዮኔዝ የሚሠራው የእንቁላል አስኳልን ከዘይት ጋር እየመቱ በማዋሐድ ነው። እንቁላል ደግሞ እንደ ሥጋ፣ እንደ ወተትና እንደ ቅቤ ሁሉ በጾም አይበላም። ወጣቱ ጾምን ከሥጋ መከልከል ብቻ አድርጎ አልተረዳም፤ ይህን ማንም የከተማችን ልጅ ያውቀዋል። ያላወቀው ማዮኔዝ ውስጥ እንቁላል መኖሩን ነው። ሜኑውን የጻፈው ሰው ግን ያውቃል፤ ማወቅም አለበት። ሳህኑ በሜኑው ላይ «የጾም» በሚለው ክፍል ሥር ነበር የተዘረዘረው።

እናታችን አልተቆጡም። ያነሡትን መልሰው አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ይሁን፣ እናንተ ብሉ፤ እኔ ሻይ ይበቃኛል» አሉ። ሌሎቻችን የምንጾመውም ተውነው። ተለዋጭ ጠየቅን፤ በያይነቱ አልነበረም፣ ፓስታ በአትክልትም አልነበረም። ማዮኔዙን ጠርገው ሊያመጡልን ሐሳብ አቀረቡ፤ ሐሳቡ ራሱ ነገሩን አለመረዳታቸውን ያሳያል። የቀረልን የሽሮ ሾርባው ነበር፤ እሱም በትንሽ ስኒ፣ ያለ እንጀራ፣ ከሁለት ቀጫጭን የዳቦ ቁራጭ ጋር ነበር የቀረበው። ወንድማችንን ለመሸኘት የተሰበሰበ ቤተሰብ እናቱ ሻይ እየጠጡ እሱ እንዲበላ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንባቢ መንገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እሱም ላዛኛውን ሳይጨርስ ተወው።

ነገሩን የሚያስቆጨው መፍትሔው በራሳችን ጓዳ የነበረ መሆኑ ነው። በአገራችን የጾም ምግብ ውስጥ ነጭና ወፍራም ማባያ ለመሥራት እንቁላል አያስፈልግም። ሱፍ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ሲጠለል ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ የሱፍ ፍትፍት የሚሠራው በዚህ ነው። ስልጆ ደግሞ የባቄላ ዱቄትና ሱፍ አንድ ላይ ተሠርቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት ተብላልቶ የሚበላ፣ ኮምጠጥና ሰንፈጥ የሚል የዐቢይ ጾም ማባያ ነው። ማዮኔዝ ለአንድ ሳህን የሚሰጠው ነገር ሁሉ፣ ልስላሴው፣ ኮምጣጣነቱ፣ የሰናፍጩ ሽታ ጭምር፣ በስልጆ ውስጥ አለ። እውነተኛ የሁለት አገር ምግብ ሊሠራ የተነሣ ወጥ ቤት በመጀመሪያ ሊያገኘው የሚገባው ድልድይ ይህ ነበር። ሮሉ በስልጆ ቢቀርብ ኖሮ እናታችን ከመብላትም አልፈው እንዴት እንደተሠራ ይጠይቁ ነበር፤ አውቃቸዋለሁ።

ስለ እንጀራው አንድ ነገር ልጨምር። ሮሉ ከማዮኔዙ በፊትም የተበላሸ ነበር፤ እንጀራው ደርቆ ሲነካ ይሰነጠቃል። ሼፉን ስጠይቀው ከሰዓት በኋላ ተጠቅልሎና ተቆራርጦ ፍሪጅ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነገረኝ። የበሰለ ስታርች፣ ማለትም የእህል ዱቄት ዋና ይዘት፣ ከሁሉ በላይ ቶሎ የሚጠነክረው በፍሪጅ ሙቀት ነው፤ ዳቦም እንጀራም ፍሪጅ ውስጥ የሚገረጅፉት ለዚህ ነው። ተቆርጦ ጠርዙ የተጋለጠ እንጀራ ደግሞ እርጥበቱን ያጣል። በሽፍን መሶብ ውስጥ የዋለ እንጀራ ማታ ለስላሳ ሆኖ የሚገኘውን ያህል፣ ፍሪጅ የገባው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይከዳል።

ከምድጃው ጀርባ

የዶሮ ወጥ ላዛኛው ጉዳይ ከሁሉም የበለጠ አስተማሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የተቁላላ ሽንኩርት፣ በርበሬና ዶሮ በስስ የሊጥ ንጣፎች መካከል፣ ከላይ አይብ፤ ዶሮ ወጥ ከአይብ ጋር የሚበላ በመሆኑ ጥምረቱ ተፈጥሯዊ ነው። ሳህኑ ላይ የመጣው ግን በርበሬው ጥሬ ጥሬ የሚል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ነበር። ሊጡም መሃሉ ላይ ጠንካራ ነበር፤ ሩዙም እንዲሁ።

ሼፉ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በአንድ ሆቴል የጣሊያን ምግብ ክፍል ውስጥ የሠራ ጎበዝ ልጅ ነው። ስንነጋገር ምንም አልደበቀኝም። ወጡን የሚሠሩት ጠዋት የሚገቡ አንድ ልምድ ያላቸው ወጥ ሠሪ ሴት ናቸው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በዝግታ አብስለው፣ በርበሬውን ጨምረው፣ ጊዜ ሰጥተው አቁላልተው፣ በመከለሻ ጨርሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ቁሌቱ ለምሳ ደንበኛ ይበቃል፤ ዓርብ ማታ ግን ያንሳል። ሲያንስ የማታው ሠራተኛ በቲማቲም ድልህና በአዲስ በርበሬ ያበዛዋል፤ ከዚያ ወደ ኦቨን ይገባል። በርበሬ ደግሞ ሳይቁላላ ኦቨን ስለገባ አይበስልም፤ ጊዜም ስብም ይፈልጋል። የቀመስነው የወጥ ሠሪዋን ሥራ አልነበረም፤ የተበረዘውን ነበር።

ወጥ ሠሪዋ ሜኑው ሲወጣ ተጠይቀው እንደሆነ ጠየቅሁት። አልተጠየቁም። ሜኑውን ያወጡት ባለቤቱና እሱ ናቸው፤ እሳቸው የሚያውቁት «ቁሌት በዛ አድርገሽ ሥሪ» የተባሉትን ብቻ ነው። ስለ ስልጆም ሆነ ስለ ሱፍ ሊናገሩ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ ሼፉ ማታ ምን እንደሚያደርግ ግን አያዩም። ሁለት አገር ምግብ አዋሕዳለሁ የሚል ቤት ውስጥ ሁለቱን ምግብ የሚያውቁት ሰዎች በአንድ ሰዓት በአንድ ምድጃ ዙሪያ ቆመው አያውቁም። በእኔ ፍርድ የዚያ ምሽት ጉድለት ሥሩ ይህ ነው፤ ደመወዝና ክብርም ይከተለዋል። የእሳቸው ሙያ «የቤት ሥራ»፣ የሱ ሙያ ግን «ሼፍነት» ተብሎ በተለያየ ሚዛን መመዘኑ ያሳዝነኛል።

የሊጡና የሩዙ ጥንካሬ ደግሞ ከቦታው ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ በሱሉልታ ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና። በፓስታ እሽግ ላይ የተጻፈው የማብሰያ ደቂቃ ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው። ሱሉልታ ላይ እሱን ብቻ የተከተለ ሰው ያልበሰለ ያቀርባል። እናቶቻችን ሽሮን «ይንተክተክ» ብለው ረጅም ጊዜ የሚተዉት ይህን ከልምድ ስለሚያውቁ ነው።

ያዋጣ ውሕደት ምን ይመስላል

እዚህ ላይ ነገሩን ሰፋ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ቀይ በርበሬ ራሱ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው፤ ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ነው ይባላል፤ ፓስታ ከጣሊያን ወረራ ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ወዲህ በከተሞቻችን ተስፋፋ። ዛሬ በርበሬ የሌለው ወጥ፣ ድንች አልጫ የሌለው በያይነቱ ማሰብ ይቸግራል። ፓስታ በአትክልት የጾም ምግብ ነው፤ በስልስ ተለውሶ እንጀራ ላይ ተደፍቶ በእጅ ይበላል፤ ከአንድ ትሪ ለሦስትና ለአራት ሰው ይቀርባል። እነዚህ ሁሉ እንግዶች ሆነው መጥተው ቤተኛ የሆኑት ለማዕዱ ሥርዓት ስለተገዙ ነው። ለጾም ተስማሙ፣ ለጉርሻ ተስማሙ፣ ከትሪው ላይ ቦታቸውን ያዙ።

ሌላ አገርም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ ወደ ፔሩ የሄዱ ጃፓናውያን የፔሩን ሎሚና ቃሪያ ከራሳቸው የዓሣ አቆራረጥ ጋር ያዋሐዱት በየቤታቸው፣ በትውልድ ጊዜ ውስጥ ነው። ጃፓናዊው ሼፍ ኖቡ ማትሱሂሳ እ.ኤ.አ. በ1987 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ ምግብ ቤት ሲከፍት አስቀድሞ ሊማ ኖሮ ሠርቷል። ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰንም እ.ኤ.አ. በ2010 በኒው ዮርክ ሐርለም ሠፈር ውስጥ ሬድ ሩስተር የተባለ ምግብ ቤቱን ሲከፍት ያቀረበው በዋናነት ሐርለም የሚያውቀውን የጥቁር አሜሪካውያንን ምግብ ነው። የሚበላውን ሰው ማወቅ ከቅመሙ ይቀድማል።

ሂሳቡ

የሜኑው ዋጋ ሲደመር 9,400 ብር ነበር። ደረሰኙ ሲመጣ 11,891 ብር ሆነ። መጀመሪያ አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያ 940 ብር ተጨመረ፤ ከዚያ በድምሩ በ10,340 ብር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 1,551 ብር ታከለ። የሚጨመረው በአጠቃላይ 26.5 በመቶ ነው ማለት ነው። ሜኑው የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም» ይላል። ታክሱ የመንግሥት ነው፤ አልከራከርበትም። ነገር ግን ለአሥር ሰው የሚከፍል ቤተሰብ 2,491 ብር ልዩነት እንደሚጠብቀው ከማዘዙ በፊት በግልጽ ሊያውቅ ይገባዋል።

ያልተበሉት አራት የጾም ሳህኖችም በሂሳቡ ውስጥ ነበሩ። ካሸሯ «የታዘዘ ነው፣ ወጥቷል» አለች። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «የጾም» ተብሎ የተሸጠ እንቁላል ያለበት ምግብ ከዚህ መብት ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ይህን ለካሸሯ ሳይሆን ለሥራ አስኪያጁ ተናገርኩ፤ እሱም ሳይከራከር የአራቱን ሳህን ዋጋ እንዲመለስልን አዘዘ። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ከንግግሩ የተገኘው

ከሼፉና ከሥራ አስኪያጁ ጋር ያደረግሁት ንግግር ረጅም ነበር። ያቀረብኩላቸው ሐሳብ ለእያንዳንዱ ጉድለት አንድ መድኃኒት የሚሰጥ ሳይሆን አሠራሩን ከሥሩ የሚነካ ነው፦ ወጥ ሠሪዋ በሳምንት ሁለት ማታ፣ በተለይ ዓርብና ቅዳሜ፣ ተጨማሪ ክፍያ እየተከፈላቸው ከሼፉ ጋር እንዲሠሩ፤ እያንዳንዱ አዲስ ምግብ ሜኑ ላይ ከመጻፉ በፊት ሁለቱ አብረው ቀምሰው እንዲያጸድቁት። ይህ ቢሆን የማዮኔዙም፣ የተበረዘው ቁሌትም፣ ፍሪጅ የገባው እንጀራም በመጀመሪያው ቀን ይያዙ ነበር። ሼፉ ሐሳቡን በደስታ ተቀበለ፤ ስልጆውን ከእሳቸው ሊማር እንደሚፈልግም ነገረኝ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ክፍያው ባለቤቱን አማክሮ እንደሚወስን ገለጸ።

የጾሙ ክፍል ወዲያው ተስተካክሏል፤ እህቴ በሌላ ቀን በዚያ ስታልፍ ገብታ አይታው፣ ሮሉ ከጾሙ ዝርዝር ወጥቶ ነበር። ማስታጠቢያና ጣሳም ገዝተዋል።

ያልተስማማንበት የትሪው ጉዳይ ነው። ለብዙ ሆኖ የመጣ ቤተሰብ ምግቡን በአንድ ትሪ፣ የጾሙን ለብቻ የፍስኩን ለብቻ አድርጎ፣ በአንድ ጊዜ እንዲቀርብለት ጠየቅሁ፤ ላዛኛውም ቢሆን በትልቅ መጋገሪያ ሙሉውን መጥቶ ማዕዱ ላይ ሊቆረስ ይችላል። ሥራ አስኪያጁ ቤቱ የሚታወቀው በሳህን አቀራረቡ እንደሆነ፣ ደንበኛም ፎቶ የሚያነሣው ያንን እንደሆነ ተከራከረ። ክርክሩ ከንግድ አንጻር ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ፎቶውን የሚያነሡት ሁለት ሆነው የሚመጡት ናቸው፤ የቅዳሜና የእሑድን አዳራሽ የሚሞሉት ደግሞ አያት ይዘው የሚመጡት። አያት ደግሞ ለልጅ ልጃቸው ማጉረስ የሚችሉት ከአንድ ትሪ ሲበሉ ነው፤ ከተለያየ የድንጋይ ሰሌዳ ላይ፣ በጠረጴዛው ማዶ፣ አይችሉም። በመጨረሻ ከስድስት ሰው በላይ ሆኖ አንድ ቀን አስቀድሞ ላዘዘ ብቻ በትሪ ለማቅረብ ተስማማ። ሳይደውል የመጣ ቤተሰብ አሁንም ምግቡን ነጣጥሎ፣ ያለቀው እየቀደመ ይቀበላል፤ ወጥ ሠሪዋን ስለሚመለከተው ክፍያም ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ ባለቤቱ መልስ አልሰጠም።